ጅቡቲ በቪትዝ ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ከተጋባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ሱቅ አለው። ቆጥበን ቆጥበን አንድ ቪትዝ ገዝተናል። ሁለታችንም ከአገር ወጥተን አናውቅም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በራሳችን መኪና ጅቡቲ ሄደን 4 ቀን ልንዝናና አስበናል። የመጀመሪያው ቀን ጅቡቲ ከተማ፣ ሁለተኛው ቀን አሳል ሐይቅና ታጁራ፣ ሦስተኛው ቀን አቤ ሐይቅ፣ አራተኛው ቀን ወደ ድሬ። ባለቤቴ «እኔ ብቻዬን እነዳለሁ፣ አንቺ ዘና በይ» ይላል። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ግን ከከተማ ወጥቼ ነድቼ አላውቅም። ቤተሰብ ደግሞ «በዚህች መኪና? አብዳችኋል?» እያለን ነው። እውነት አብደናል?
ባልና ሚስት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ አላበዳችሁም! እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ከአገር መውጣት ለሚፈልግ የድሬ ሰው ከጅቡቲ የተሻለ መጀመሪያ የለም። መንገዱ ከበራችሁ ይጀምራል፣ እስከ ባሕሩ ድረስ አስፋልት ነው፣ እዚያም የሚነዳው እንደኛው በቀኝ ነው። ደህና የተያዘች ቪትዝ ያለ ችግር ትደርሳለች። እቅዳችሁ ላይ ግን ሁለት ነገር ካልቀየራችሁ ሽርሽሩ ቅጣት ይሆንባችኋል። አንዱ ወሩ ነው። ሌላው ደግሞ እቅዱን ያወጣችሁት ካርታ እያያችሁ፣ ኪሎ ሜትር እየቆጠራችሁ መሆኑ ነው። ወደዚያ በኩል የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ፀሐይዋ የት እንደምትሆን አስባችሁ ቀኑን ከከፈላችሁት ሌላው ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

በመጀመሪያ ሐምሌን ተዉት። አቦ፣ በፍጹም! የድሬን ሙቀት ስለለመዳችሁ የምትችሉት ይመስላችኋል። ጅቡቲ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሄዳል፣ የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት ሌሊትም አያስተኛም፣ በዚያ ላይ ኻምሲን የሚሉት አሸዋ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ የሚነሳው በዚያው ወቅት ነው። አቅሙ ያለው የጅቡቲ ሰው ራሱ በእነዚያ ወራት ከተማውን ለቆ ወደ ቀዝቃዛ አገር ይሸሻል። እናንተ ያን ጊዜ ወደዚያ የምትሄዱት ለምንድን ነው? አስተማሪ ከሆንሽ ጥር መጨረሻ ላይ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት አለልሽ። ያን ጊዜ ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ማታው ነፋሻ ነው፣ ባሕሩም ለመዋኛ ይመቻል። እረፍቱ አጭር ቢሆንም ከሐምሌው ወር ሙሉ ይልቅ የጥር 5 ቀን ይበልጣል።

አሁን ወደ ወረቀት። ቤተሰቦቻችሁ መኪናዋን ነው የሚፈሩት፣ የብዙ ሰው ጉዞ የሚበላሸው ግን ድንበር ላይ ባልተሟላ ወረቀት ነው። ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ይሁን። ስለ ቪዛ ከጎረቤት አትጠይቁ፣ እዚሁ ድሬ ካለው የጅቡቲ ቆንስላ በራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መኪና ይዛችሁ እንደምትገቡም ያኔውኑ ንገሯቸው። ለመኪናዋ ሊብሬው፣ የታደሰ ቦሎ፣ የሁለታችሁም መንጃ ፈቃድ፣ ከጉምሩክ ደግሞ መኪናዋ ለጊዜው ወጥታ እንደምትመለስ የሚገልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉምሩኩን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ቢያንስ ከወር በፊት ሄዳችሁ ምን ምን እንደሚጠይቁ በጽሑፍ ያዙ።

ኢንሹራንሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አገር ውስጥ የሚሠራው ሦስተኛ ወገን ድንበር ሲሻገር አይከተላችሁም። ለዚህ ነው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ያለው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ አባል ስለሆኑ ካርዱን ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ገዝታችሁ ትሄዳላችሁ። ከጤና ጣቢያ ከሚሰጠው የክትባት ቢጫ ካርድ ጋር እንዳታምታቱት፣ ያኛው ሌላ ነው፣ እሱንም ብትይዙት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የኮሜሳው ካርድ የሚከፍለው እናንተ በሰው ላይ ወይም በሰው ንብረት ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ነው። የራሳችሁ ቪትዝ ብትጋጭ አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ካላችሁ ኢንሹራንሱ ጋ ሄዳችሁ «ጅቡቲም ውስጥ ይሸፍነናል ወይ?» በሉ፣ ካልሸፈነ ለጉዞው ቀናት ብቻ ተጨማሪ ከፍላችሁ የሚራዘም ከሆነ አስራዝሙ። መልሳቸውን በቃል አትቀበሉ፣ በወረቀት ይስጧችሁ።

የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁንም ኮፒ ያዙ። በእኛ ወግ ሚስት የአባቷን ስም ስለምትይዝ ሁለቱ ፓስፖርቶች ላይ አንድም የሚመሳሰል ስም የለም። ሆቴል ውስጥ ቢጠይቋችሁ ክርክር ሳይነሳ ወረቀቱን ታሳያላችሁ፣ አለቀ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከድሬ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ ነው። በሽንሌ ወጥታችሁ ወደ አይሻ፣ ከዚያ ወደ ደወሌ። ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ያ ራሱ ነው አደጋው። ሰው እግሩ ይከብደዋል፣ ፍጥነቱ ሳይታወቀው ይጨምራል። በዚያ መንገድ ላይ ግመል ድንገት አስፋልት ላይ ትወጣለች። ቀን ከሩቅ ትታያለች፤ ሌሊት ግን የመኪናው መብራት እግሯን እንጂ አካሏን አያሳያችሁም፣ ትንሽ መኪና ደግሞ ግመል ስትመታ የምታገኘው እግሯን ነው፣ የግመሏ ሙሉ ክብደት መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በጨለማ አትነዱ፣ ሹፌሩ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን። አይሻ አካባቢ ደግሞ ነፋስ አለ። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎቹን ከሩቅ ስታዩ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ቪትዝ ቀላል ስለሆነች ከከባድ መኪና ጎን ስታልፉ ትወዛወዛለች። አስፋልቱ ላይ አሸዋ ተንጣሎ ካያችሁ ፍሬን አትርገጡ፣ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ ብትከፍሉት ነው የምመክረው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ ቋጥራችሁ፣ እንደነጋ ተነሱ። ረፋድ ላይ ደወሌ ትደርሳላችሁ። የኢትዮጵያ በኩል፣ ከዚያ ጉሊሌ ላይ የጅቡቲ በኩል፣ ሰልፍ፣ ማህተም፣ የመኪና ወረቀት፣ ፍተሻ። እዚህ ላይ ሰዓታት ሊሄድ ስለሚችል በእቅዳችሁ ውስጥ ግማሹን ቀን ለድንበሩ ስጡት። ያኔ ሰልፉ ቢረዝም አትናደዱም፣ ቶሎ ካለቀም ትርፍ ነው። ከዚያ አሊ ሳቢህ ቅርብ ነው። ምሳ ብሉ፣ ጥላ ፈልጋችሁ እረፉ። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ። ከአሊ ሳቢህ ጅቡቲ ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ሳይመሽ ትገባላችሁ። በመሀል ግራንድ ባራ የሚባለውን ሜዳ ታገኛላችሁ፤ የደረቀ ሐይቅ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ፣ ዓይን እስከሚችለው ቢሄድ አንድ ዛፍ የማይይዝ። ዋናው መንገድ ላይ ስትወጡ ግን ለእይታ ጊዜ የላችሁም፣ ምክንያቱም በጋላፊ ኬላ በኩል የሚመጡት የእኛው ከባድ መኪኖችም ሁሉ ወደ ወደቡ የሚሄዱት በዚያው ነው። አትሽቀዳደሟቸው። ተሳቢ የያዘ መኪና ከፊታችሁ ካለ ርቀት ጠብቁና ከኋላው ሂዱ፣ ብትቀድሙት የምታተርፉት 10 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ስለ መንገዱ ጸጥታ በመስመሩ የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። የዚያን ሳምንት ወሬ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ፣ ደረቅ የሚመስል ወንዝ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ካያችሁ፣ ትንሽም ቢመስል አትግቡ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ የዳቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረገንን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ስለ መኪናዋ። ጎማውን እዩት፣ ግን አበባውን ብቻ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ፣ በረጅሙ ፊደልና ቁጥር መጨረሻ፣ 4 አሃዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ። 2317 ካለ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ቆንጆ አበባ ያለው ያረጀ ጎማ በዚያ ሙቀት ውስጥ ድንገት ይፈነዳል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካለው ቀይሩት፣ ሁለተኛ እጅ ከሆነም አሮጌውን በአሮጌ እንዳትተኩት ቁጥሩን አንብቡ። ነፋስ የምትሞሉት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። መንገድ ላይ ሙቀት ነፋሱን ስለሚጨምረው «በዛ» ብላችሁ እንዳታስተነፍሱት። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሠራ ቤታችሁ በር ላይ ሆናችሁ ሞክሩ። ሁለታችሁም አንድ አንድ ጎማ ፈታችሁ ግጠሙ። መካኒክ ጋ ሄዳችሁ ቺንጊያውን፣ የራዲያተሩን ቱቦና ማራገቢያውን አሳዩ። መንገድ ላይ ሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን እስኪቀዘቅዝ እንዳትነኩት። ስንት ሰው ፊቱን ተቃጥሏል በዚህ!

ነዳጅ ድሬ ላይ ሙሉ ሞልታችሁ ውጡ፣ ሰልፍ ስለማይጠፋ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ጨርሱት። በቴሌብር መክፈል የለመደ እጅ ድንበሩን ሲሻገር ባዶ ይሆናል፣ እዚያ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ጫኑ። ለመኪናም ለሰውም ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ወንድሜ፣ በቅንነት ነው የምነግርህ፣ ብቻዬን እነዳለሁ ማለትህ ፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ትክክል አይደለም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ቀጥ ያለ መንገድ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳ ዓይኑ ሳይከደን አእምሮው ይተኛል። ከሁለት አንዳችሁ ብትታመሙስ? እግር ቢወለምስ? በረሃ መሀል መንዳት የሚችል ሌላ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ አለመንዳቱ ምን ይባላል? ስለዚህ አሁኑኑ ጀምሩ። አንድ እሁድ በጠዋት እስከ አይሻ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ እሷ ሂያጁን ትንዳ፣ አንተ መልሱን። ሌላ እሁድ ሐረር ውጡና ቁልቁለቱን እሷ ታውርደው። አጠገቧ ስትቀመጥ ደግሞ ዝም በል። «ቀንሺ፣ ያዢ፣ ተጠንቀቂ» እያልክ ከሆነ ሁለት ሰው እየነዳ ነው፣ መሪው ግን አንድ ነው። ጉዞው ላይ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ተቀያየሩ። ከሹፌሩ ጎን ያለው ሰው ሥራ አለው፦ መንገዱን ይመራል፣ ስልኩን ይይዛል፣ ውሃ ያቀብላል፣ አይተኛም።

ቦታዎቹን በተመለከተ አቤ ሐይቅን አውጡት። እነዚያ ጭስ የሚተፉ የድንጋይ ማማዎች ያምራሉ፣ አልክድም፣ ግን ከዲኪል ወዲያ ያለው መንገድ የቪትዝ አይደለም። ከፍ ያለ፣ በአራቱም እግሩ የሚጎትት መኪናና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ታጁራን ከፈለጋችሁ መኪናዋን ከተማ አቁማችሁ በጀልባ ተሻገሩ። ነጫጭ ቤቶቿና መስጊዶቿ ባሕሩ ዳር ተደርድረው ከውሃው ላይ ስትታይ ነው የምታምረው።

አሳልን ግን እንዳትተዉት። ሙሉ ጠዋት ስጡት፣ ሌላ ምንም አትጨምሩበት። ከጅቡቲ ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጅ ከተማው ውስጥ ሙሉ፣ እንደነጋ ተነሱ፣ የታጁራን መንገድ ያዙ። ጉቤት የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ቁሙ፣ ለፎቶ ከዚያ የተሻለ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ አርዱኮባ የፈነዳው በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ብዙ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፣ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። የደንገጎን ቁልቁለት እንደምትወርዱት ውረዱት፦ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘላችሁ፣ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ሳይሆን። ስትመለሱ ደግሞ ዳገቱ ላይ ሙቀት መለኪያውን እያያችሁ፣ ካስፈለገ ኤሲውን አጥፍታችሁ ውጡ።

ታች ስትደርሱ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። በረዶ ይመስላል፣ ጨው ነው። ጠርዙ ይቆርጣል፣ ስለዚህ በባዶ እግር አትርገጡ፣ ውሃ ውስጥም የሚደረግ የላስቲክ ጫማ ያዙ። ውሃው ከባሕር 10 እጥፍ ገደማ ይጨማል፣ መስጠም ብትፈልጉም አያሰጥማችሁም፣ ግን ትንሽ ጭረት ካለባችሁ ያንገበግባል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ መከራ ነው። ጀሪካኑ እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው፣ ከወጣችሁ በኋላ ጨው ቆዳችሁ ላይ ሳይደርቅ ታጠቡ። ልጆች ክብ ክብ የሆነ የጨው ድቡልቡልና ጨው የለበሰ የፍየል ራስ ቅል ይሸጣሉ። ከ4 ሰዓት በፊት ተነስታችሁ ተመለሱ። ከተማ ስትደርሱ መኪናዋን ከሥር ጭምር በንጹህ ውሃ አሳጥቡ፣ ጨው ብረት ይበላል።

በሌላው ቀን አርታ በኩል ያለው ባሕር ዳር ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ሰው አይበላም፣ የሚመገበው ውሃው ላይ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። በጀልባ ወስደው ያሳያሉ። ዋና የማትችሉ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይሰጧችሁ አትሳፈሩ። ጥር መጨረሻ የወቅቱ ጅራት ስለሆነ ጀልባውን ከመክፈላችሁ በፊት በዚያ ሳምንት መታየቱን ጠይቁ።

ገንዘብ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ አካባቢ። 1000 ፍራንክ ማለት 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ይህን በአእምሯችሁ ያዙና ዋጋ ሲነግሯችሁ አስሉ። ከተማው ውድ ነው። ሆቴሉ ከምግቡም ከነዳጁም በላይ ስለሚበላችሁ መጀመሪያ እሱን ተነጋግራችሁ ያዙ። ዶላር ለማግኘት ፓስፖርትና ቪዛ ይዛችሁ ባንካችሁን ጠይቁ፣ ጎዳና ላይ አትመንዝሩ። ገንዘቡን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ያዙ፣ ግማሹ እሷ ጋ ግማሹ አንተ ጋ።

እዚያ ዓርብና ቅዳሜ የእረፍት ቀን ነው፣ ቢሮም ባንክም ይዘጋል። ከቀትር በኋላም ሱቁ ጭር ይላል። «8 ሰዓት ይከፈታል» ካሏችሁ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ከድንበር ወዲያ ላይሠራ ስለሚችል የጅቡቲ ቴሌኮም ሲም ግዙ፣ ካርታውን ድሬ ላይ ሆናችሁ አውርዳችሁ ሂዱ። ወደቡን፣ ድንበሩን፣ ወታደር ያለበትን ቦታ ፎቶ አታንሱ፤ ከተማው የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓን ጦር ሰፈር ያለበት ነው፣ «አላወቅኩም» የሚባል ነገር አይሠራም።

ስትመለሱ ደግሞ የሰው ዕቃ አትጫኑ። የድሬ ሰው ጅቡቲ ሄደ ሲባል «ይቺን ብቻ» የሚል አይጠፋም፣ አንዷ ስልክ፣ አንዷ ሽቶ፣ አንዷ ጨርቅ። ኬላ ላይ ግን ዕቃው የእናንተ ነው፣ መኪናዋም የእናንተ ናት። ለራሳችሁ የገዛችሁትን ደረሰኝ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ከሐረር ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጋችን ነው። ለጫጉላ ኬንያ እንሄዳለን፣ ከናይሮቢ መኪና ተከራይተን ራሳችን ልንነዳ ነው። እጮኛዬ ማሳይ ማራን ማየት ትፈልጋለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ በግራ መንዳቱ ነው። ስንት ቀን ይፈጃል መልመድ?
ሙሽራው

መልስ፦ እንኳን አብሮ ደስ አላችሁ! በግራ መንዳቱ እንደፈራኸው አይደለም፣ ግን እንደምታስበውም አይደለም። መኪና ሞልቶ ባለበት መንገድ ላይ አትሳሳትም፣ ሰው ሁሉ በግራ ሲሄድ አንተም ትከተላለህ። የምትሳሳተው ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ነዳጅ ቀድተህ ከማደያ ስትወጣ ነው። እጅህ ሳታዝዘው ወደ ቀኝ ይወስድሃል። ስለዚህ ለእጮኛህ ይህን ሥራ ስጣት፦ ቆማችሁ በተነሳችሁ ቁጥር፣ በታጠፋችሁ ቁጥር፣ «ግራ» ትበል። ጮክ ብላ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ፣ በተለይ የለመድክ ሲመስልህ።

አደባባዩ የሚዞረው በተቃራኒ ነው፣ ቅድሚያ የምትሰጠው ከቀኝህ ለሚመጣው ነው። መሪው በቀኝ ስለሆነ ማርሹ በግራ እጅህ ይሆናል፣ ብዙ መኪና ላይ የፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያውም ቦታ ይቀያየራል። ለዚህ ነው አውቶማቲክ ውሰድ የምልህ። ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም አንድ ጭንቀት ይቀንስልሃል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መኪና አትቀበል። ደክሞህ፣ ማታ ላይ፣ የናይሮቢ ትራፊክና ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባስ ታክሲዎች መሀል መጀመር ጥሩ አይደለም። በታክሲ ሆቴል ግቡ፣ እደሩ፣ መኪናውን እሁድ ጠዋት መንገዱ ቀለል ሲል ውሰድ።

አሁን ስለ ማራ። ከፋሲካ በኋላ ማለት የኬንያ ትልቁ ዝናብ ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። የማራ የውስጥ መንገድ አፈር ነው፣ ጭቃ ሲሆን ልምድ ያለውም ይያዛል። በዚያ ላይ ሁሉም የሚያወራለት የእንስሳቱ ፍልሰት ማራ የሚደርሰው ከሐምሌ ወዲህ ነው። ማራን በእርግጥ ከፈለገች ለዚያ ብቻ ከነሹፌሩ የሚመጣ መኪና ያዙ። ራስህ የምትነዳውን ግን ወደ ናይቫሻና ናኩሩ አድርገው። አስፋልት ነው፣ ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ናኩሩ 160 ገደማ። ስምጥ ሸለቆውን ከአፋፉ ላይ ስታዩት የእኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ናይቫሻ ላይ ጉማሬ በጀልባ ይታያል። ሄልስ ጌት የሚባለው ፓርክ ውስጥ ደግሞ በሳይክልና በእግር መሄድ ይፈቀዳል፣ ሜዳ አህያና ቀጭኔ አጠገባችሁ ሲግጡ ታያላችሁ። ለሙሽሮች ከዚያ በላይ ምን አለ? ናኩሩ አውራሪስ አለ።

መኪናውን ስትረከብ ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጽ፣ እያንዳንዱን ጭረት፣ የጎማውን፣ የመስታወቱን፣ የነዳጅ መለኪያውን። ሰውዬው አጠገብህ ቆሞ ድምፁ ይግባ። አደጋ ቢደርስ ከኪስህ የምትከፍለው ከፍተኛው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቅና ውሉ ላይ በቁጥር ካልተጻፈ አትፈርም። ለማስያዣ ካርድ ስለሚፈልጉ ያንተ ካርድ ውጭ አገር መሥራቱን ባንክህን ጠይቅ። መንጃ ፈቃድህን እንደሚቀበሉ፣ ዓለም አቀፉን ጨምረው እንደሚፈልጉም ከመሄድህ በፊት በጽሑፍ አስመልሳቸው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ኬንያ ከ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ሻንጣችሁ ውስጥ ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ እንዳትሄዱ፣ የቋጠራችሁትን የሐረር ቡናም በወረቀት ወይም በጨርቅ አድርጉት።

ጥያቄ፦ እኛም ከባለቤቴ ጋር ጅቡቲ መሄድ እንፈልጋለን፣ ግን መኪናው የአጎቴ ነው። «ውሰድ፣ ምን ችግር አለ» ብሎኛል። ይበቃል?
ከከዚራ

መልስ፦ አይበቃም። የአጎትህ ቸርነት ኬላ ላይ አይነበብም። ሊብሬው በእሱ ስም ስለሆነ ሰነዶች ማረጋገጫ አብራችሁ ሄዳችሁ ውክልና ይስጥህ። ደፈናው «እንዲነዳ» የሚለው ብቻ ሳይሆን መኪናውን ከአገር ይዘህ እንድትወጣና እንድትመልስ ሥልጣን እንደሰጠህ፣ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩ ተጠቅሶ ይጻፍ። ጅቡቲ የሚሠራው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ስለሆነ በፈረንሳይኛ የተተረጎመ ኮፒ አብረህ ያዝ። ኢንሹራንሱም የምትነዳው አንተ እንደሆንክ ይወቅ፣ የኮሜሳው ካርድም በዚያው ይወጣል። መኪናው የባንክ ብድር ካለበት ደግሞ ባንኩ ሳይፈቅድ ከአገር ስለማይወጣ አጎትህን ይህን ዛሬውኑ ጠይቀው። እነዚህ ሁሉ እጅህ ሳይገቡ ሆቴል አትያዝ፣ ለቆንስላውም የመግቢያ ቀን አትናገር።